የሌሊት ወፍን ማሳደድ አይበጀንም

ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ በይፋ ተነገረ። ቫይረሱን የምትሸከመው የሌሊት ወፍ ናትና ማርበርግ ሲነሳ እሷም አብራ ትነሳለች። «ታዲያ ለምን ድራሿን አናጠፋም?» የሚል ሰው አይጠፋም።

ይህ ዩጋንዳ ውስጥ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 ኪታካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ ሠራተኞች በማርበርግ ተያዙ። ከዚያ በኋላ እዚያ የነበሩት የሌሊት ወፎች ተጨፈጨፉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን በሽታው እዚያው አካባቢ እንደገና ተነሳ። ተመልሰው የገቡት ወፎች ከበፊቱ በጣም ያነሱ ነበሩ። ቫይረሱን የተሸከሙት ድርሻ ግን ከ5 በመቶ ወደ 13 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ።

እኔ መፍትሔውን ጫካ ውስጥ ብንፈልገው እላለሁ። ለዚህ የአውስትራሊያው ሄንድራ ቫይረስ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ብሪዝበን ከተማ ውስጥ የውድድር ፈረሶች በድንገት ታመው አለቁ፤ አሠልጣኛቸውም ሞተ። እስካሁን 7 ሰዎች ተይዘው 4ቱ ሞተዋል። ሁሉም የያዛቸው ከፈረስ ነው፤ ፈረሶቹን የያዛቸው ደግሞ ከትልልቅ የሌሊት ወፎች።

እነዚህ ወፎች የብርዱን ወራት የሚያልፉት በባህር ዛፍ አበባ ነው። አዎ፣ ከዚያው አገር መጥቶ እኛ ዘንድ ማገዶና አጣና የሆነው ባህር ዛፍ። በብርድ የሚያብቡት ዝርያዎች ጥቂት ናቸው፤ ደናቸውም ለእርሻና ለቤት መሥሪያ ተመነጠረ። ድሮ አበባ ተከትሎ ይዞር የነበረው መንጋ ተበታትኖ እርሻ ዳርና ከተማ ውስጥ ተቀመጠ። ሌሊት ግጦሽ መሬት ላይ ባለ ዛፍ ያርፋል። የበላውን ፍሬ ትራፊ ይጥላል፣ ይሸናል። ፈረሱ እዚያው ሥር ሣሩን ይግጣል። ፈረሱ ሲታመም የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አፉን ከፍቶ ያያል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የ25 ዓመት መረጃ ያገላበጠ ጥናት ነገሩን ግልጽ አድርጎታል። ኤልኒኖ ምግብ ካሳጣቸው በኋላ በሚመጣው ብርድ ቫይረሱ ወደ ፈረስ መዝለሉ ይበዛል። ጫካው በብርድ ወራት ሲያብብ ግን ወፎቹ ከተማውን ጥለው ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ መተላለፉም ይቆማል። ለፈረስ ክትባት አለ፣ ደግ ነው። ክትባቱ ግን የተራበ መንጋ አያጠግብም።

እኛስ? ደን ሲመነጠር ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትና ወረርሽኝ ሲመጣ የሚሯሯጠው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። የማዕድን ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት ዋሻው የሌሊት ወፍ ይኖርበት እንደሆነ ይታይ። በየክረምቱ ከምንተክለው ችግኝ መካከል የሌሊት ወፍ ፍሬያቸውን የሚበላው ሾላና ዋርካም ይኑሩበት፤ ከመንደርና ከበረት ራቅ ተደርገው ይተከሉ። ጫካ ውስጥ ቆመው ያሉትን ደግሞ ማንም እንዳይቆርጣቸው።