«የማን ልጅ ነሽ?» ከማለታችሁ በፊት

የጎንደር ምእመናን ሆይ፣ ወደ ደብራችን የሚመጣውን አዲስ ሰው ስለምንቀበልበት መንገድ ፊት ለፊት እንነጋገር። በጥምቀት ከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ ከሩቅ ለመጣው ሁሉ ቤታችንን እንከፍታለን። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብም ደስ ብሎን ነበር። በግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ተማሪ ግን እሑድ እሑድ የቅጽሩን ግንብ ስማ ስትመለስ ስሟን የሚያውቅ የለም። ይህ ነውር ነው።

ደብር የአባት ርስት አይደለም። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁሩ ከየአገሩ የመጣ ሰው ነው የሞላት። የአቋቋም፣ ማለትም የማኅሌት ዝማሜ ትምህርት፣ ማስመስከሪያ የሆነችው የበአታ ደብርም የተከበረችው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከየአውራጃው ደበሎ ለብሰው አኩፋዳ አንግተው በመጡ የቆሎ ተማሪዎች ነው። አያቶቻችን በደጃቸው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል የማን ዘር ነህ ብለው አልመረመሩም፤ ቁራሽ እንጀራውን አውጥተው ሰጡ። ቅዳሴያችንም ለአዲስ ሰው ቦታ አለው። ከወንጌሉ በኋላ ዲያቆኑ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን»፣ ያልተጠመቃችሁ ውጡ፣ የሚለው፣ ገና ያልተጠመቁት እስከዚያ ድረስ ከሕዝቡ ጋር ቆመው ትምህርቱን ይሰሙ ስለነበር ነው።

አሁን የምናደርገውን እዩ። ልጅቱ ነጠላዋን መስቀለኛ ሳታጣፋ ትገባለች። አንዲት እናት ከኋላ ጫፉን ጎተት አድርገው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «አንቺ፣ አታፍሪም?» ይሏታል። ፊቷ ይቀላል፤ ቅዳሴው ሳያልቅ ትወጣለች፤ በሚቀጥለው እሑድ የለችም። እናቴ፣ ሥርዓቱን ማስከበርዎ ትክክል ነው፤ አካሄዱ ግን ሰው አሳጣን። «ነይ ልጄ» ብለው ነጠላውን በራስዎ እጅ ያስተካክሉላት። ሴቶች በደቡብ በር፣ ወንዶች በሰሜን በር እንደሚገቡ ያሳዩአት፤ ጫማዋን የት እንደምታኖር ይንገሯት፤ አጠገብዎ ያቁሟት። «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲባል ምን እንደሚመለስ የማታውቅ ከሆነ ከጎንዎ ሰምታ ትለምዳለች።

አዲስ ሰው በብዛት የሚጠፋው ግን ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ካሰናበተ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ነባሩ ወደ ሰንበቴ ቤት፣ ማኅበርተኞች በየተራ ደግሰው አብረው ወደሚቀምሱበት ቤት፣ ያመራል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፤ አዲሱ ሰው ተራ ስለሌለበት በር ላይ ጥቂት ቆሞ ይሄዳል። ሰንበቴ የተሠራው ለተረኞቹ ብቻ ሳይሆን ለነዳያንና ለመንገደኛም መሆኑን እያወቅን ይህን ማድረጋችን ያሳዝናል።

ስለ ንስሐ አባትም ልብ በሉ። ለአዲስ ሰው ስልክ ቁጥር ሰጥቶ መለያየት አይበቃም። ካህኑ ብዙ የንስሐ ልጆች አሏቸው፤ ተማሪው ያፍራል፤ ሳይደውል ዓመቱ ያልቃል። አብራችሁ ሂዱ፣ አስተዋውቁ፣ የሚገናኙበትን ቀን እዚያው አስቆርጡ። ከሌላ እምነት መጥቶ የሚጠመቅ ሲኖር ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ተምሮ ይጠመቃል፣ ሜሮን ይቀባል፣ በዚያው ቀን ይቆርባል። ክርስትና አባት የሆነው ሰው ማተቡን አስሮ፣ ፎቶውን ተነሥቶ ከዚያ ወዲያ ከጠፋ ግን፣ ቤተሰቡ ፊቱን ያዞረበት ያ ሰው የመጀመሪያውን ዐቢይ ጾም ከማን ጋር ይጾማል? ለወንድ ክርስትና አባት፣ ለሴት ክርስትና እናት መሆን የዕድሜ ልክ አደራ ነው፤ የማትችሉት ከሆነ አትቁሙ።

የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎችም ስሙ። ከገጠር ወይም ተፈናቅሎ ለመጣ ቤተሰብ የምትጠይቁት የቀድሞ አጥቢያው ደብዳቤ አንዳንዴ ሊመጣ አይችልም፤ አጥቢያው ራሱ ተበትኗል። በካህንና በጎረቤት ምስክርነት መዝግቡት፤ የወር መዋጮውንም ዐቅሙ እስኪፈቅድ ታገሡት። ሳይመዘገብ ሰው የሞተበት ቤት ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ፦ ሬሳው በቤት ተኝቶ ሳለ የሟቹ ልጅ ለፍትሐትና ለመቃብር ቦታ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ያ ልጅ ያንን ቀን አይረሳውም።

የመጪው እሑድ ሰንበቴ ተረኞች፣ ዳቦው ከመባረኩ በፊት አንዳችሁ ወደ በሩ ወጣ በሉ። ከግንቡ ሥር የቆመ ካለ በስሙ ጠርታችሁ አስገቡት፤ ስሙን ካላወቃችሁ ጠይቁት።