ምስጋና ለአፍንጫ ሊቃውንት

ድሮ ሽቶ ይሸተት ነበር። ዛሬ፣ ተመስገን ነው፣ ይተረካል። የጣት አንጓ የምታህል ብልቃጥ ይዘው ስልካቸው ፊት የሚቀመጡትን የዘይት ሽቶ ነጋዴዎቻችንን ታውቋቸዋላችሁ። ክቡ መብራት ይበራል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ «ኡፍፍፍ» ይባላል። እኛ በስልክ ማሽተት ያልተቻለን ምስኪኖች አፋችንን ከፍተን እናዳምጣለን።

ሰሞኑን የሰማሁት ግን ከሁሉም ይበልጣል። ሰውዬው «ፍራፍሬያማ፣ ግን አፈር አፈር የሚል» ዘይት አምጥቷል። «መጀመሪያ ማንጎ ይመጣላችኋል» አለ። መጣልን። «ተራ ማንጎ እንዳይመስላችሁ። የአርባ ምንጭ ነው፣ በጠዋት የተለቀመ፣ ጤዛው ያልረገፈለት።» እሺ፣ ጤዛውንም ተቀበልን። «ከማንጎው ኋላ ኮክ አለ። ኮኩ ዓይናፋር ነው፣ ቶሎ አይወጣም። ታገሱት።» ታገስነው። «አሁን ዝናብ ጣለ።» የት? «እጃችሁ ላይ። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ፣ ደረቅ መሬት ላይ። አፈሩ ቀይ ነው።» ቀይ አፈርን ከጥቁር በአፍንጫው የሚለይ ሰው ሽቶ ሲሸጥ መዋሉ የአገር ኪሳራ ነው። «ከአፈሩ ሥር አሮጌ እንጨት አለ። የአያታችሁ ሳጥን። ሳጥኑ ውስጥ ነጠላ። ነጠላው ውስጥ…» ባትሪዬ ሞተ። ነጠላው ውስጥ የነበረውን ሳላውቅ ልቀር ነው።

ጎረቤቴ ዘይቱን አስመጥታ ቀባችኝ። ማንጎው ማስቲካ ነው። ያውም ሩብ ሰዓት አልቆየም፤ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚለው ሽታ ቀላል ስለሆነ ቀድሞ ይተናል። ኮኩ እንዳፈረ ቀረ። ዝናቡና አፈሩ ፓቹሊ የሚባል የቅጠል ዘይት ይመስለኛል፣ እሱ ከባድ ነውና እስከ ማታ አልለቀቀኝም። ሕንድ ውስጥ ካናውጅ በምትባል ከተማ የአፈር ሽታን የምር የሚያወጡ ሰዎች አሉ። የተጠበሰ ሸክላ በውሃ ይቀቅሉና እንፋሎቱን በሰንደል እንጨት ዘይት ይቀበላሉ። የእኛ ሊቅ ያን ሁሉ ድካም በአንድ ዓረፍተ ነገር ገላገላቸው። ለነገሩ እኛም ለውጭ ሽቶ ቀማሚዎች ለዘመናት ዝባድ የላክን ሕዝብ ነን። የጥርኙን ዝባድ በጥሬው ያሸተተ ሰውም ዓይኑን ጨፍኖ «ኡፍፍፍ» ይላል፣ በሌላ ምክንያት።

«24 ሰዓት ይቆያል፣ አዳራሽ ይሞላል» የሚሉትንም አደንቃለሁ። የዘይት ሽቶ አልኮል ስለሌለው ቀስ ብሎ ነው የሚተነው፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ በአብዛኛው ለቀረበ ሰው ብቻ ይሸታል። አዳራሽ የሚሞላው ደንበኛው ሲተባበር ነው። የገዛ አፍንጫው ሽታውን ይለምደዋላ! «ጠፋ እንዴ?» ይልና ይደግማል፣ ይሠልሳል። ከዚያ መስኮቱ የተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል። ማንጎውን ከነጤዛው፣ ሳጥኑን ከነነጠላው ይዞ።

አንዱ ደግሞ «ተፈጥሯዊ ነው፣ ለሕፃን አንገት ሥርም ይሆናል» ሲል ሰማሁት። ይሄ ነውር ነው። ያልተበረዘ የሽቶ ዘይት የአዋቂ ቆዳ እንኳ ሊያቃጥል ይችላል። ቤርጋሞት ከዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ «ተፈጥሯዊ» ዘይት ነው፤ ተቀብቶት ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ግን ቆዳው ሊቆስል ይችላል። ብልቃጡ ላይ ምን እንዳለበት አንድ ቃል አልተጻፈም። በማን ልጅ ነው የምትሞክሩት?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። የማንጎውን አገር፣ የኮኩን ጠባይ፣ የአፈሩን ቀለም የተናገረው ያ አንደበት ከሥር «ዋጋው ስንት ነው?» እያሉ ለጻፉለት ሁሉ ሳይሰለች ይመልሳል፦ «በውስጥ መስመር።»