የታችኛው ስክሪን ጀግና

የሰውን ዘር ከጥፋት ያዳንኩት እኔ ነኝ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ምስክር አለኝ። ችግሩ ምስክሬ ጓደኛዬ መሆኑ ነው። እሱን ብትጠይቁት «ያዳንኩትስ እኔ ነኝ፤ እሱ ከኋላ ሆኖ ጀርባዬን ሲተኩስብኝ ነበር» ይላችኋል።

ጌሙ ሄይሎ ነው፤ የመጀመሪያው። ስሙን ጮክ ብለው ሲጠሩት ስልክ ያነሱ ያስመስላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 ኤክስቦክስ ከሚባለው የጌም ማጫወቻ የመጀመሪያው ጋር በአንድ ቀን ወጣ፤ እኛ የደረስንበት ሌላው ሰው ጨርሶት፣ አውርቶበት፣ ረስቶት ካበቃ በኋላ ነው። ማስተር ቺፍ የሚባል ፊቱ የማይታይ፣ አረንጓዴ ጥሩር የለበሰ ወታደር፣ ኮቨናንት ከሚባሉ የሌላ ዓለም ፍጥረታት ሲሸሽ ህዋ ላይ የተንሳፈፈ ቀለበት ላይ ይወድቃል። ቀለበት ስላችሁ የጣት እንዳይመስላችሁ። ከዳር እስከ ዳር 10,000 ኪሎ ሜትር ነው። በውስጠኛው ገጹ ባሕር አለ፣ ተራራ አለ፣ ሣር አለ። ቀና ስትሉ መሬቱ ራሱ ከአድማስ ተነስቶ፣ እየቀጠነ ሽቅብ ወጥቶ፣ ከአናታችሁ በላይ ዞሮ በጀርባችሁ በኩል ይመለሳል። እኔ ይህን ለማየት ቀና ባልኩበት ቅጽበት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሞትኩት።

ጌሙ አራት የክብደት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ የመጨረሻው ሌጀንደሪ ይባላል። የሁለታችንም ልብ የከጀለው ከቀላሉ ቀጥሎ ያለውን መደበኛውን ነበር።

«የቱን እናድርገው?» አለኝ።

«አንተ እንዳልክ።»

«ለእኔ ሁሉም ያው ነው።»

«ለእኔም።»

ሁለት ፈሪ እንዲህ ሲከባበር መጨረሻው የታወቀ ነው። ሌጀንደሪ ገባን።

ጆይስቲክ ላይ ግን ያን ያህል አልተከባበርንም። ሁለት ነበሩን፤ አንዱ ደህና፣ ሌላው ጤና የጎደለው። የእኔው የቀኝ እጁ ማዞሪያ ላስቲኩ ተልጦ፣ ሥሩ ላልቶ፣ ሳልነካው እይታዬን ቀስ እያደረገ ወደ ግራ ይወስደዋል። ወታደሬ ጦርነት መሃል ቆሞ፣ አንድ የሚያውቀው ሰው በስሙ የጠራው ይመስል፣ አንገቱን ዝግ ብሎ ወደ ግራ ያዞራል። ጓደኛዬ ደህነኛውን አንደኛው ሶኬት ላይ ሰካ። ስክሪኑ አግድም ለሁለት ሲከፈል አንደኛ የሰካ ላይኛውን ያገኛል፤ ሁለተኛው ታች ይወርዳል። እንዲህ ሆኜ ነው የታች ሰው የሆንኩት።

ታች መሆኑን ለመድኩት። ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ጌም ላይኛውም ማስተር ቺፍ ነው፤ ታችኛውም ማስተር ቺፍ ነው። ምክትል የለ፣ ረዳት የለ፤ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ነው የሚዋጋው። ታሪኩ ግን ይህን አልሰማም። ውጊያው ቆሞ የሲኒማው ክፍል ሲገባ ብቅ የሚለው አንድ ማስተር ቺፍ ብቻ ነው። ካፒቴኑ ትእዛዝ ሲሰጥ ለአንድ ሰው ነው። ኮርታና የምትባለዋ የራስ ቁሩ ውስጥ የምትኖር ብልህ ኮምፒውተር ስትመክርም፣ ስታሾፍም በነጠላ ቁጥር ነው። እኔ አሁን ከደቂቃ በፊት በር ሰብሬ የገባሁት ሰውዬ የት ሄድኩ? ሥራ ላይ አብሮ ደክሞ ፎቶው ሲነሳ «እስቲ አንተ አንሳን» የተባለ ሰው ያለበት ሁኔታ ላይ ነበርኩ።

ጓደኛዬ ደግሞ ሲኒማው በመጣ ቁጥር ወንበሩ ላይ ይመቻችና፦

«አየኸኝ?» ይለኛል።

«አንተ መሆንህን በምን አወቅህ?»

«አረማመዱ የኔ ነው።»

አረማመዱን እኔም አውቀዋለሁ። የእሱ አረማመድ መሬት ላይ የወደቀ ጥይት ወዳለበት ነው። ጌሙ ለአንድ ሰው ከሁለት ጠመንጃ በላይ አያሸክምም፤ ቦምብም ከየዓይነቱ አራት ብቻ ነው። ይህ ልክ ለሌላው ሰው የወጣ ሕግ እንጂ ለእሱ አይመስለውም። ሮኬት ሲያገኝ ያለውን ጥሎ ሮኬቱን ያነሳል፤ ከዚያ የጣለውን ይናፍቅና ተመልሶ ያነሳዋል፤ ከዚያ ሮኬቱ ያሳሳውና አጠገቡ ቆሞ ይጠብቀዋል። እኔ ጥይት አልቆብኝ ጠላትን በጠመንጃ ሰደፍ ስነርት እሱ ንብረት ይጠብቃል። በተራ ቀን እኮ ካፖርቱን አውልቆ የሚያለብስ ሰው ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የተባለው ጠመንጃንም እንደሚጨምር ያወቅሁት ከእሱ ነው።

ስለ ቦምቡ ካነሳን አይቀር፣ ከኮቨናንት የሚማረክ ሰማያዊ የፕላዝማ ቦምብ አለ። ጠላት ላይ ካረፈ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ከተጣበቀ አይለቅም። አንድ ጊዜ ኤሊት የሚባለው ረጅሙ ጠላት ከፊት ለፊቴ ቆሟል። እኔ እየተኮስኩ፣ እይታዬ ወደ ግራ እየሄደ፣ እየመለስኩ። ከኋላዬ «ዝቅ በል!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዝቅ ልል ስል ስክሪኔ ሰማያዊ ሆነ። ጠላት ዘንድ አልደረሰችም፤ ማጅራቴ ላይ ተለጥፋ እሽ እያለች ትነዳለች። ያለኝ ጊዜ አንድ ነገር ለማድረግ ብቻ ይበቃ ነበርና ዞሬ ወደ ጓደኛዬ ሮጥኩ። አብረን ፈነዳን። ኤሊቱ ብቻውን ቀረ። ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቀው።

«ሆን ብለህ ነው» አለኝ።

«አንተስ?»

«እኔማ ስቼ ነው።»

ሁለታችን ስንሞት ጌሙ ወደ መጨረሻው ቼክፖይንት፣ ማለትም ጌሙ የደረስንበትን ወደ መዘገበበት ቦታ፣ ይመልሰናል። አንዳችን ከተረፍን ግን ሌላ ሕግ አለ። የተረፈው ጠላት ወደሌለበት ጥግ ካፈገፈገ ሟቹ ከጎኑ ምንም እንዳልሆነ ብቅ ይላል። በዚህ ሕግ ፍርሃት ሙያ ነው። አንዱ ደፍሮ ይሞታል፣ ሌላው ድንጋይ ሥር ይሸሸጋል፣ ሟች ይነሳል፣ ደግሞ ይገባል። እኔ በሕይወቴ ለቡድን እንዲህ ጠቅሜ አላውቅም።

ፈተናው ሟቹ ዝም አለማለቱ ነው። ጓደኛዬ በሕይወት ሳለ ፊቱ የቆመውን አያይም፤ በሞተ ሰከንድ ዓይኑ ይበራና የእኔን ስክሪን መተንተን ይጀምራል።

«ግራ! ግራ በል!»

«የቱ ግራ?»

«በእኔ ግራ!»

«አንተ ሞተሃል እኮ፤ ግራ የለህም።»

«በነበርኩበት ግራ!»

እይታዬ በራሱ ወደ ግራ ስለሚሄድ የሟቹን ምክር ሳልፈልግ እፈጽመዋለሁ። አንዳንዴም ትክክል ይሆናል፤ ያ ነው የሚያናድደው።

መኪናው ላይ ስንደርስ ወዳጅነታችን ሊበጠስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ዋርቶግ ይባላል፤ ሦስት ቦታ አለው፦ ሹፌር፣ ከጎኑ ተሳፋሪ፣ ከኋላ ቆሞ ትልቁን መትረየስ የሚተኩስ። መኪናው መሪውን ሳይሆን የሹፌሩን ዓይን ነው የሚከተለው፤ ሹፌሩ ወዳየበት ይሄዳል። እንግዲህ የእኔ ጆይስቲክ ወዴት እንደሚያይ ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ ነድቼ ባሕር ዳርቻው ላይ በጣም ሰፊና የሚያምር ክብ ሠራሁ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ተከለከልኩ።

ጓደኛዬ ደግሞ ጆይስቲኩ ደህና ነው፤ የታመመው አመሉ ነው። ሁሉንም ነገር ማየት ይወዳል። ጠላት ሲያይ ወደ ጠላት፣ ፏፏቴ ሲያይ ወደ ፏፏቴ። ገደል ሲያይማ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል፣ መልሱን አብረን እናገኛለን። ከጎኑ የሚቀመጠው የእኛ ወገን ወታደር አንድም ቀን አልተቃወመም፤ በተገለበጥን ቁጥር ተነስቶ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ፣ ተመልሶ ይሳፈራል። እንዲህ ያለ ተሳፋሪ ያለው ሹፌር አይማርም።

ጌሙ ካሉት 10 ክፍሎች ሰባተኛው «ቤተ መጻሕፍቱ» ይባላል። አንድ መጽሐፍ የለበትም። እንግዳ ተቀባዩ አንዲት የምትበር ኳስ መሳይ ማሽን ናት፤ ከበር በር ትመራችኋለች፣ በሩ እስኪከፈት ጠብቁኝ ብላ ትጠፋለች፣ ስትመለስ ታንጎራጉራለች። እሷ ስታንጎራጉር ፍለድ የሚባሉት የበሰበሱ ፍጥረታት ከየቀዳዳው እንደ ጎርፍ ይወርዱባችኋል፤ ገደልናቸው ስትሉ የወደቁት ይነሳሉ። ፎቁ አንድ ዓይነት፣ ኮሪደሩ አንድ ዓይነት፣ ጩኸቱ አንድ ዓይነት። የሩቅ ተኳሹ ጠመንጃ ጥይት በስቷቸው ያልፋል እንጂ አያስቆማቸውም፤ እነሱን የሚያውቃቸው ሾትጋን ነው።

የሚገርመው እዚያ ውስጥ አልተጣላንም። ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተን፣ አንዱ ሲያጎርስ ሌላው እየተኮሰ፣ ቃል ሳንለዋወጥ ሦስት ፎቅ ወጣን። አራተኛው ላይ የእኔ ሾትጋን ባዶ ሆነ። ግድግዳው ሥር የጥይት ካርቶን ተቀምጧል፤ ጓደኛዬ አጠገቡ ነው። ጠጋ አለ። ቆመ። ከዚያ ሳያነሳው አልፎ ሄደ።

ምንም አልተናገርኩም፤ ሄጄ አነሳሁት። ሌላ ቀን ላመሰግነው ብዬ ባነሳበት «አይ፣ አላየሁትም ነበር» አለኝ። ጥይት ማየት ያቃተው በዚያች ቀን ብቻ ነው፤ እሺ ብያለሁ።

የመጨረሻው ክፍል ሩጫ ነው። ማስተር ቺፍ የመጣበት የህዋ መርከብ ሊፈነዳ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ በዋርቶግ በጠባብ መተላለፊያ መሮጥ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ መኪናውን ጥሎ በእግር ወደ አንዲት ትንሽ መንኮራኩር መድረስ ያስፈልጋል። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ እተኩሳለሁ። ስንት ጊዜ እንደሞከርን አልቆጠርንም። በግራ ተላተምን፣ በቀኝ ተላተምን፣ አንድ ጊዜ ወደ መጣንበት ዞረን በሙሉ ልብ ነዳን።

በመጨረሻው ሙከራ ከመኪናው በሰላም ወረድን። እሱ ቀደመ፤ ኮቨናንቱ እና ፍለዱ እርስ በርሳቸው የሚታኮሱበት መሃል ገብቶ እዚያው ቀረ። ላይኛው ስክሪን ፀጥ አለ። «ሩጥ! ዝም ብለህ ሩጥ!» ይለኛል ሟቹ። እይታዬ ወደ ግራ ይስባል፣ እኔ በአውራ ጣቴ ወደ ቀኝ እጎትታለሁ፣ ወታደሬ እንደ ሰካራም እያጋደለ ይሮጣል። ደረስኩ።

ስክሪኑ አንድ ሆነ። ሲኒማው ገባ። አንድ ማስተር ቺፍ፣ ብቻውን፣ መንኮራኩሯን አስነስቶ ሲያመልጥ።

«አየኸኝ?» አልኩት።

አልመለሰም። መሃል ላይ በሌጀንደሪ ለጨረሰ ብቻ የምትታይ አጭር ትዕይንት አለች። መርከቡ ሊፈነዳ ሲል የሰው ወገን የሆነው ሳጅን ጆንሰንና አንድ ኤሊት በአንድ ጠመንጃ ይታገላሉ፤ እሱ ይጎትታል፣ ያ ይጎትታል። ከዚያ እሳቱ ሲመጣ ያዩና ጠመንጃውን ትተው ይተቃቀፋሉ።

እኛ ጆይስቲካችንን እንደያዝን ዝም ብለን አየን። ቀለበቱ ተሰባብሮ እስኪያልቅ ማንም አልተናገረ።

«አረማመዱ ግን...» ሲል ጀመረ።

«ተው።»

«እሺ። ሁለተኛውን ሄይሎ እንጀምር? ሌጀንደሪው ላይ አንዱ ከሞተ ሁለቱም ነው አሉ ወደ ኋላ የሚመለሱት።»

ይህን እያለኝ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል በእጁ ደህነኛውን ጆይስቲክ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«ታዲያ የቱን ደረጃ እናድርገው?» አልኩት።

«አንተ እንዳልክ።»

«ለእኔ ሁሉም ያው ነው።»

«ለእኔም» አለ።