ባልየውስ የት ሄደ?

ያገባንበትን ቀን ረሳሁት። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ አዲሱ ነገር ዘንድሮ ስልኬ ላይ አላርም ሞልቼለት ጠዋት ሲጮህ በእንቅልፍ ልቤ አጥፍቼው መተኛቴ ነው። ማታ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለናል፣ አማቴም አሉ፣ ባለቤቴ ቲክቶክ ላይ አንዱ ለሚስቱ መኪና በሪቫን አስሮ ሲሰጣት እያየች "ታድላ" አለች። የተናገረችው ለስልኩ ነው፣ ያየችው ግን እኔን ነው።

መኪና ከየት አባቴ ላምጣ፣ ወሬ ላምጣ እንጂ ብዬ የቤቲናን ታሪክ ጀመርኩላቸው። ቪየና ውስጥ ዮሃን ፓሊዛ የሚባል የሰማይ ተመራማሪ ነበር፣ ሰውዬው ፎቶ ምናምን ሳይል በቴሌስኮፕ በአይኑ ብቻ እያየ 122 አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር የሰማይ ድንጋይ በሉት) ያገኘ ጉደኛ ነው፣ ኪሱ ግን እንደኔ ነው። በፈረንጆቹ 1886 የሚመጣውን የፀሐይ ግርዶሽ ሄዶ ለማየት ብር ቸገረውና በ1885 ላገኘሁት አስትሮይድ ስም ማውጣት የሚፈልግ 50 ፓውንድ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ (እኛ ሰፈር ቢሆን ደላላ ገብቶበት ሰባ ይሆን ነበር)። የባንክ ሀብታሙ ባሮን አልበርት ሮትሺልድ ከፈለና 250ኛዋን በሚስቱ ስም ቤቲና አስባላት። ይቺ ቤቲና እስከዛሬ ማርስና ጁፒተር መሃል አለች፣ ከፀሐይ ያላት ርቀት የምድርን ሦስት እጥፍ ትንሽ ያልፋል፣ አንዴ ለመዞር አምስት ዓመት ተኩል ግድም ይፈጅባታል።

"አየሽ እማዬ፣ ባል ማለት" አለች የኔዋ።

በገዛ አፌ። ቶሎ ብዬ አሁን እኮ በገንዘብ አይሸጥም አልኩ፣ ስም የሚያቀርበው ያገኘው ሰው ነው፣ የዓለም አቀፉ አስትሮኖሚ ህብረት ካላጸደቀው አይሆንም፣ ከ16 ፊደል መብለጥ የለበትም፣ የድመትና የውሻ ስም ባይሆን ይመረጣል፣ ብዙ ጣጣ አለው።

"የኔ ስም አራት ፊደል ነው።"

እሺ ኢትዮጵያ የሚባልም አለ እኮ፣ 1432ኛው፣ በ1937 ሲሪል ጃክሰን የሚባል ሰው ጆሃንስበርግ ሆኖ ያገኘው፣ እሱ ያንቺም ነው ብላት "እሱ የጋራ ነው" አለችኝ፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ እንደሰጠኋት ሁሉ።

እዚህ ጋ ዝም ብል ጥሩ ነበር። አማቴ ግን "ለመሆኑ የባልየው ስምስ አልወጣም?" ብለው ጠየቁ፣ እኔም ወሬ ስለምወድ መለስኩ። ወጥቷል እማዬ። አልበርት በ1911 ሞተ፣ በዛው ዓመት ፓሊዛ ሌላ አስትሮይድ አገኘና ውለታውን አስቦ አልበርት አለው፣ 719ኛው ነው። ይሄኛው ግን እንደ ቤቲና እዛው ማርስና ጁፒተር መሃል ረግቶ የሚዞር አይደለም፣ ምህዋሩ በጣም ሞላላ ነው፣ አንዴ ወደኛ ወደ ምድር ሰፈር ጠጋ ይላል አንዴ ደግሞ ወጥቶ ይርቃል፣ እሷ ትልቅ ነች እሱ ሚጢጢ ነው፣ ለትንሽ ጊዜ ታየና መንገዱ በደንብ ሳይሰላ ድራሹ ጠፋ። የተገኘው በ2000 አሪዞና ላይ ነው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው ከጠፉት ሁሉ የመጨረሻው እሱ ነበር።

አማቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"ስንት ዓመት ጠፋ ማለት ነው?"

"89።"

"እሷ እዛው እየዞረች?"

"እዛው።"

"ሲመጣ ምን አለ?"

"ምንም አይልም እኮ እማዬ፣ ድንጋይ ነው።"

"ድንጋይማ ነው" አሉ፣ ወደኔ እያዩ። በረካው ተቀዳ፣ ስኒዎቹ ሦስት ናቸው፣ የተሞሉት ሁለት።