ደላላው ከመምጣቱ በፊት ሥዕሉን ገልብጡት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ውርስ ሲከፋፈል ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ የቆየ ሥዕል አይጠፋም። ደላላ ይመጣና ቀና ብሎ ያየዋል። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ወረቀት ናት፤ ለፍሬሙ ስል ነው የምወስዳት» ይላል። ሥዕሏም በዚያው ትሄዳለች።

በደላላው አልፈርድም፤ እንጀራው ነው። የሚገርመኝ ሻጩ ነው። ባቲ ገበያ ፍየል ይዞ ሲወርድ ዋጋ ሳያጠያይቅ አፉን አይከፍትም። ለወረቀት ሲሆን ግን መጀመሪያ የተጠራለትን ይቀበላል። ወይ ደግሞ «የቴዎድሮስ ዘመን ነው» ብሎ ሚሊዮን ይጠራና ገዢ አጥቶ ይቀራል።

ከዋጋው በፊት የያዛችሁትን ነገር ምንነት እወቁ ባይ ነኝ። መቅደላን እንውሰድ፤ የእኛው ወሎ ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ሲዘምቱ ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ዘመቻውን በሥዕል ይዘግብ ነበር። ሥዕሉ እንጨት ላይ ተቀርጾ ነበር የሚታተመው። ዛሬ ከዚያ ጋዜጣ የተቆረጡ ገጾች ፍሬም ገብተው ይሸጣሉ። ከፍሬሙ አውጥታችሁ ገልብጡት። ጀርባው ላይ የእንግሊዝኛ ዜና ካለ የጋዜጣ ገጽ ይዛችኋል ማለት ነው። የዘመኑ ከሆነ ኦርጅናል ነው፣ ከ150 ዓመት በላይም ሆኖታል። ግን ጋዜጣው በብዙ ሺህ ቅጂ ስለወጣ ብርቅ አይደለም። ቀለም ካለውም ብዙውን ጊዜ ኋላ የተቀባ ነው።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር ተዋሱ። የሰዓት ጠጋኝ አያጣም። ሥዕሉ በእኩል የተደረደሩ ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች ሆኖ ከታየ፣ በማሽን የተባዛ ፖስተር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከሥዕሉ ግርጌ በእርሳስ 7/50 የሚል ተጽፎ ሠዓሊው ከፈረመበት ግን ቆም በሉ። ከሃምሳ ቅጂ ሰባተኛው ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አዲስ አበባ፣ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ላለ የህትመት ባለሙያ በፎቶ ማሳየት ከደላላ ግምት ይሻላል።

ኢንተርኔት ላይ ዋጋ ስትፈልጉ ደግሞ ሻጭ የጠየቀውን አትመኑ። የፈለገውን መጠየቅ ማን ይከለክለዋል? ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት መገበያያ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል። የጨረታ ቤቶችም ግምቱንና የተሸጠበትን ለየብቻ ያወጣሉ። ከዚያ ላይ ኮሚሽኑን ቀንሱ።

እባካችሁ ላሚኔት አታስደርጉት! «እንዳይበላሽ» ተብሎ ፕላስቲክ የተለበጠ ህትመት ለሰብሳቢ አለቀለት። ፍሬም እንዲገባ ብላችሁ ጠርዙን አትቁረጡ፤ ቁጥሩና ፊርማው ያለው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ቢጫ ነጠብጣቡንም በእርጥብ ጨርቅ አትንኩት።

የእጅ ሥዕል ወይም ብራና ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። በአዋጅ 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ያስጠይቃል።

ይህን ሁሉ ለአንድ ባለቤት መተው ግን ይከብዳል። ወሎ ዩኒቨርሲቲና የከተማው ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት በዓመት አንድ ቀን ሰው የቆየ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ በባለሙያ እንዲያሳይ ቢያደርጉ ምን ያህል ወጪ ያስወጣቸዋል? አንድ አዳራሽ፣ ሁለት ባለሙያ፣ ጥቂት አጉሊ መነጽር። ደላላውም ይምጣ፤ ዋጋውን ሰው ፊት ይጥራ።