ይድረስ ተራ ለማይጠብቁት የመድኃኒት ኩባንያ ወኪል

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጨጓራዬ በቀር ደህና ነኝ።

ሰኞ ዕለት ክሊኒኩ ውስጥ ተያይተን ነበር። እርስዎ አያስታውሱኝም። እኔ ካርዳቸውን ታቅፈው አግዳሚው ላይ ከተደረደሩት አንዱ ነኝ። እርስዎ ቦርሳዎን አንጠልጥለው ብቅ ሲሉ ዘበኛው ብድግ አለ። ጠዋት ሙሉ "ተራችሁ ሲደርስ ትጠራላችሁ" እያለች ስትቆጣን የነበረችው ሲስተርም ፈገግ ብላ በሩን ከፈተችልዎ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ደንግጠው "ምስኪን፣ ባሰበት መሰል፤ እግዜር ይማረው" አሉልዎ።

እርስዎ ወጥተው ስንት ሰው ካለፈ በኋላ የእኔ ተራ ደረሰ። ሐኪሙ ያዘዙልኝ መድኃኒት ስም የያዙት እስክሪብቶ ላይም ተጽፏል። ከእስክሪብቶው የገለበጡት ነው የመሰለኝ።

ፋርማሲ ስደርስ ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ዋጋውን ነገረችኝ። ኪሴን ፈተሽኩ። ቴሌብሬንም ፈተሽኩ። "ረከስ ያለ የለም?" አልኳት። "ይዘቱ ያው ኢሶሜፕራዞል ነው፣ የሌላ ኩባንያ አለ፤ ግን በዚህኛው ስም ስለተጻፈ ሐኪሙ ካልቀየሩት አልሰጥህም" አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል። ከዚያ መቀሷን አነሳችና ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ "እሺ፣ ግማሹን ልቁረጥልህ?" አለች። እርስዎ ሰው ፊት ክኒን በመቀስ አስቆርጠው ያውቃሉ? እኔ አስቆረጥኩ።

ላስቀይር ብመለስ ሐኪሙ ምሳ ወጥተዋል ተባልኩ። ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ምሳ ካነሳን አይቀር፣ በፈረንጆቹ 2016 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ነበር። በአማካይ 20 ዶላር የማይሞላ ምግብ አንዴ እንኳ የተጋበዙ ሐኪሞች የጋባዡን መድኃኒት ካልተጋበዙት አብልጠው ሲያዙ ተገኝተዋል። ጥናቱ ጨዋ ስለሆነ ምክንያቱ ምሳው ነው ብሎ አልደመደመም። እኔም ሐኪሞቻችን የበሉበትን ወጪት ሰባሪ አይደሉም ብዬ ልለፈው።

የክሊኒኩ ካላንደር የእርስዎ ነው። የግድግዳው ሰዓትም የእርስዎ ነው፤ ለካ የሚቆጥረው ለእርስዎ ብቻ ነው።

አሁን ግን ስማኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ገና በፈረንጆቹ 1988 ወኪል ለሐኪም መደለያ እንዳይሰጥ፣ የወኪሉም ክፍያ በዋናነት በሽያጩ ልክ እንዳይታሰብ ብሎ መመዘኛ አውጥቷል። አንተ ያኔ ላትወለድም ትችላለህ፤ አለቆችህ ግን ተወልደዋል። በእኛ 2017 ግንቦት ሐኪሞች ደሞዛችን አልበቃንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ ቀዳዳውን ሁላችንም አየነው። አንተ ግን ቀድመህ ለክተኸዋል፣ በየትኛው ግብዣና በየትኛው ሆቴል "ሥልጠና" እንደሚሞላ ታውቃለህ። ሂሳቡ ደግሞ እኔ ጋ ይመጣል። ሱፍህም፣ ያ እስክሪብቶም ክኒኗ ዋጋ ላይ ተደምረዋል። ልጇ ታሞባት፣ የሰው ዓይን ፈርታ "ግማሹን ይቁረጡልኝ" የምትለዋ እናትስ? መድኃኒቱ አንቲባዮቲክ ቢሆንስ? ግማሹን ወስዳ ልጇ ሲብስበት አንተ ትደርስላታለህ?

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ፣ ጨጓራዬ ነው። ቦርሳዎ ውስጥ ለሐኪሞች የሚያድሉት ነፃ ናሙና እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግማሽ ስትሪፕ ይጎድለኛል፤ ሲመቸዎት ጣል ያድርጉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን (ስብሰባ ላይ ካልሆኑ)