ጫጩት ማደል ብቻውን ድጋፍ አይደለም

የዕድር ስብሰባ አልቆ ሰው ሻይ ቡና ሲል ወሬው ወደ ከተማ ግብርና ዞረ። ያነሳው አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው። «መንግሥት ከተማ ውስጥ ለሚያርስ ሰው ገንዘብ የሚያፈሰው ለምንድን ነው? ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ከመቂና ከዝዋይ በአይሱዙ ይመጣል። ጎመን ያማረው ገበያ ወጥቶ ይግዛ!» አለ። ሐሳቡ ይኸው ነው። እስከ መጨረሻው ድምፁን ጨመረ እንጂ ፍሬ ነገር አልጨመረበትም።

የመለሱለት በግብርና ሙያ ኖረው ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ሽንኩርቱን ለመቂ ተውለት። ሽንኩርት ሳምንት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። ቆስጣና ሰላጣ ግን ጠዋት ተቆርጦ ማታ ይጠወልጋል። በከተማ የሚያዋጣው ቅጠላ ቅጠሉ ነው። አሥር ካሬ መደብ ላይ ጎመን በ30 በ40 ሳንቲ ሜትር ብትተክል ወደ 80 ግንድ ይይዝልሃል። እምብርቱን ሳትነካ በየሳምንቱ የታችኛውን ቅጠል ከቀነጠስክ ለወራት ትበላለህ» አሉት።

«ታዲያ በገዛ ኪሳቸው ይትከሉዋ፣ እትዬ! መንግሥት ያደለው ያ ሁሉ ዶሮ የት ደረሰ? ለፋሲካ ወጥ ሆነ አይደል?» ብሎ ሳቀ። ሁለት ሦስት ሰውም አብሮት ሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አሉና ሂሳቡን በጣታቸው ይቆጥሩለት ጀመር። የሚታደለው ብዙ ጊዜ የ45 ቀን ጫጩት ነው። እንቁላል የሚጥለው አምስት ወር ሊሞላው ሲል ነው። በመሀል ያለውን ሦስት ወር ይበላል እንጂ አይሰጥም። አንዱ ጫጩት እስከ መጀመሪያው እንቁላል ድረስ ወደ 6 ኪሎ መኖ ይፈጃል፤ ሃያ አምስት ጫጩት ለደረሰው ቤት ኩንታል ተኩል መሆኑ ነው። መጣል ከጀመሩ በኋላ ደግሞ በቀን ወደ 3 ኪሎ ይፈልጋሉ። ጫጩቱን የተቀበለው ቤተሰብ ኩንታል ተኩል የሚገዛበት ቢኖረው መጀመሪያም ሰልፍ ላይ አይቆምም ነበር። መኖው ሲያልቅ ፍርፋሪ ይሰጣል፣ ዶሮዋ ትከሳለች፣ የምትጥልበት ጊዜ ይገፋል፣ በዓል ይመጣል፣ ትታረዳለች። ጥፋቱ ያለው ድጋፉን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎት የሄደው ዘንድ ነው። ነጋዴው ግን ከዚህ ሁሉ የሰማው «ታረደች» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። «አላልኩም?» አለ።

ክትባቱም እንዲሁ ነው። ዶሮን በጅምላ የሚፈጀው የፈንግል በሽታ ክትባት ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ለመቶና ከዚያም በላይ ለሆነ ዶሮ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። አሥር ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ገዝታ ምን ታደርገዋለች? የወረዳው ባለሙያ ቀን ቆርጦ ሰፈሩን በአንድ ጠዋት ካልከተበ በቀር መድኃኒቱ ብክነት ነው። በመጠጥ ውሃ ሲሰጥ ደግሞ ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ አይሆንም፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። ውሃው ክዳኑ በተከፈተ ባልዲ ማደር አለበት። ይህን የሚነግር ሰው ሳይልኩ ጫጩት መላክ ምን የሚሉት እርዳታ ነው?

ሴትዮዋ ወደ በጀት ሲገቡ ነው ነገሩ የከረረው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ገንዘቡ እንዳይመለስ ግዥው ሰኔ ላይ ይጣደፋል፤ ጫጩቱም ክረምቱ ሲገባ ይታደላል። ቆርቆሮው ያንጠባጥባል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል። በእርጥብ ሰጋቱራ ላይ ኮክሲዲያ የሚባል የአንጀት ተውሳክ ይነሳል፤ ኩሱ ደም ይቀላቅላል፣ ጫጩቱ ክንፉን ጥሎ ይኮማተራል፣ በቀናት ውስጥም ያልቃል። ይኸው ጫጩት መስከረም ማለቂያ ላይ ቢሰጥ ኖሮ ደረቁ ወቅት ራሱ ይጠብቀው ነበር። የቲማቲም ችግኝም ሐምሌ ላይ ሲታደል ቅጠሉ በሻጋታ ጠቁሮ ነው የሚቀረው። «መጥኖ መደቆስ ማለት ይሄ ነው። ወቅቱንም መመጠን አለ» አሉ።

«እሺ፣ እንግዲያው ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል?» አላቸው፤ ያስጨነቃቸው መስሎት።

ውሃ ላይ። በበጋ አንድ ካሬ መደብ በቀን ወደ 4 ሊትር ይጠጣል፤ አሥር ካሬ ሁለት ባለ 20 ጀሪካን ማለት ነው። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለልጅ ማጠቢያ ያልተረፈ ውሃ ለቆስጣ ከየት ይመጣል? በ40 ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 40 ሊትር ይወርዳል። አሸንዳ ተገጥሞለት ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ቢቀመጥበት፣ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶም በሐምሌ በአንድ ሳምንት ገደማ ይሞላል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና ዝገት ስለሚያጥብ ይደፋል፤ የቀረው ይጠራቀማል። ዝናቡ ሲያበቃ ያ አንድ ሮቶ አሥር ካሬውን 50 ቀን ያጠጣል። ሮቶ ደግሞ አይታመምም፣ መኖ አይበላም፣ ለፋሲካም አይታረድም። እኔ እዚህ ላይ ክርክሩ አልቋል ብዬ ነበር፤ ነጋዴው ግን ሮቶ እሱ ሱቅ ስንት እንደሚሸጥ ወደ መናገር ገባ።

ቀጥሎ አፈሩ። ያዲስ አበባ ግቢ ብዙው ገረጋንቲና የፍርስራሽ ሙሌት ነው፤ ወደ ቦሌና አቃቂ ደግሞ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ዋልካ። ስለዚህ መደቡ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ለአሥር ካሬ 3 ሜትር ኩብ አፈርና ኮምፖስት ይገባል። ኮምፖስቱ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ እየተገለበጠ ሦስት አራት ወር ይፈጃል፤ ሳይበስል የተደፋ የዶሮ ኩስ ሥሩን ያቃጥላል። ይህን ሁሉ የሚደክም ሰው መሬቱ ነገ እንደማይነጠቅ ማወቅ አለበት። ክፍት ቦታ ላይ በቃል ፈቃድ የተደራጀ ማኅበር አንድ ማለዳ ዶዘር ቢመጣበት የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ስለዚህ አፈሩን አያለማም፤ ቶሎ የሚደርሰውን ዘርቶ ቶሎ ይነቅላል። የሦስት ወይም የአምስት ዓመት የጽሑፍ ውል ለመንግሥት ብዙ ወጪ የለውም።

ሴትዮዋ ኩባን አነሱ። ሶቪየት ኅብረት በ1991 እ.ኤ.አ. ስትፈርስ ነዳጅና ማዳበሪያ የቀረባት ኩባ በሃቫና ክፍት ቦታዎችን ለአልሚዎች በነፃ እንዲጠቀሙባቸው ሰጠች፤ ዘርና መሣሪያ የሚሸጡ፣ ምክርም የሚሰጡ ሱቆች በየሰፈሩ ከፈተች። በግንብ የታጠረ፣ በኮምፖስት የተሞላ ከፍ ያለ መደብ ዘረጉ፤ ኦርጋኖፖኒኮ ይሉታል። «ኩባን ያሳረሳት ረሃብ ነው!» አለ ነጋዴው። «እኛስ ጠግበን ነው?» አሉት። መልስ አልነበረውም፤ ስልኩን ማየት ጀመረ።

ትንሽ ቆይቶ የወንዙን ነገር አመጣ። በመካኒሳና በላፍቶ በአቃቂ ወንዝ የሚጠጣው አትክልት የተመረዘ ነው፣ መከልከል ነው ያለበት አለ። ግማሹ እውነት ነው። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ይዞ ይወርዳል፤ ቅጠሉ ወደ ውስጡ ስለሚስበው በሎሚም በኮምጣጤም ቢታጠብ አይወጣም። ግን ወንዙን ያበላሸው ጎመን ተካዩ ነው ወይ? ከላይ ያለውን ፍሳሽ ማስቆምና ለታችኛው ገበሬ ንጹሕ ውሃ ማድረስ ከድጋፍ ሁሉ የሚቀድም ድጋፍ ነው። ፋብሪካው ሲገነባ ቀድሞ መመጠን የነበረበትን ዛሬ ድስት ጥደን እያለቀስንበት ነው።

እኔ ከሴትዮዋ ጋር ነኝ፤ የተሸሸገም አይመስለኝም። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሃ ግብር ሲጀመር ዓላማው ደግ ነበር፤ ዛሬም ደግ ነው። እንቁላል ለልጅ ይገባዋል፤ የሕዝብ ገንዘብም ለዚህ ቢወጣ ምንም አይቆጨኝም። የሚያናድደኝ አሰጣጡ ነው፤ ሲብስ ደግሞ አሰጣጡን አይቶ ነገሩን ሁሉ ይቅር የሚል ሰው። ይህ ነጋዴ ብቻውን አይደለም። ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ታይል ያለበሰ፣ በረንዳው ላይ የላስቲክ አበባ የደረደረ፣ ልጁ ጎመን ከየት እንደሚበቅል የማያውቅለት ሰው ስለ አትክልተኛ ድጎማ ሲሆን የሕዝብ ሀብት ተቆርቋሪ ይሆናል። ዘመናችን ሪባን የሚቆረጥለት ነገር ይወዳል። ችግኝ ለፎቶ ከነላስቲኩ ይቀበራል፤ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል፤ ሪፖርቱ ላይ ግን ተተክሏል። ቅጹ ላይ «የታደለ» የሚል ዓምድ አለ፤ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ እንዳለ የሚሞላበት ግን የለም። ያን የሚጠይቅ አለቃ ቢኖር ኖሮ ጫጩቱ ሰኔ ላይ አይመጣም ነበር።